ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታሳልፉ የምትሰሙት አልበም የቱ ነው?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬን ላስቀድም፣ ወሬው ይከተላል። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንዱንም ሳታሳልፉ የምትሰሙት አልበም የቱ ነው? የድሮም ይሁን የዘንድሮ። አንድ ሁለት ጥሩ ዘፈን ያለበትን አይደለም። ሙሉውን ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የአባቴን ቤት ጣሪያ ልናስቀይር ዕቃ ስናወጣ፣ ከአልጋ ሥር በመንዝ ባና የተጠቀለለ ካርቶን ወጣ። ስፈታው ካሴት ነው። ቆጠርኩት፣ 43። ገሚሱ ሽፋን የለውም። አንዳንዱ ላይ አባቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ የዘፋኙን ስም ጽፎበታል፣ አንዱ ላይ ግን «ዘፈን የሌለው» ብቻ ነው የሚለው። ከጎረቤት ቴፕ ለመንኩ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ተከናንቤ ሦስት ማታ ሙሉ ስሰማ አመሸሁ።

የራሴን አስተያየት ልናገር፣ የማይስማማ ይምጣ።

ለእኔ አንደኛው የማህሙድ አህመድ «ኤረ መላ መላ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው፣ በ1986 ደግሞ ቤልጅግ ታትሞ ፈረንጆቹ ጉድ ያሉለት። ቤዝ ጊታሩን ብቻ ለይታችሁ ስሙት። አንድ ነገር ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይለቅም። ማህሙድ ደግሞ ከላይ ሆኖ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ቆይቶ ይመለሳል፣ ባንዱ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰው ቤት ደርሶ የሚመለስ ነው የሚመስለው።

የአስቴር አወቀን «ካቡ» ደግሞ ድምፅዋን እወድላታለሁ፣ እ.ኤ.አ. የ1991 ሥራ ነው፣ ነገር ግን የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንዳንድ ቦታ በጣም ያብረቀርቃሉ። እሷ ልትቆዝም ስትል እነሱ ይጨፍራሉ። ቴዲ አፍሮን ከጠየቃችሁኝ ብዙ ሰው «ያስተሰርያል»ን ያነሳል፣ በእኛ አቆጣጠር የ1997ቱን። እኔ ግን እንደ አልበም «ጥቁር ሰው»ን አስበልጣለሁ፣ የ2004ቱን። ምኒልክ አንጎለላ መወለዳቸውን እየሰማ ላደገ ልጅ ያ ዘፈን ሲመጣ ከዚህ አፈር የወጣ ነገር ነው የሚመስለው። የ2009ኙ «ኢትዮጵያ» በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኖ ነበር። ደስ ብሎኛል፣ ግን መሃሉ ላይ ሁለት ሦስት ዘፈን አሳልፋለሁ።

የአሁኖቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። ዘፋኙ አራቱን ጥሩ ጥሩ ዘፈን በነጠላ ዩቲዩብ ላይ ይለቃል፣ ከዚያ አሥር የተረፈ ነገር ይጨምርበትና አልበም ነው ይለናል። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት፣ ከበሮው አንድ ዓይነት። ድምፁን ደግሞ እስኪያልቅ ይሞርዱታል። አልበም ሰምቼ ስጨርስ የሆነ ቦታ ሄጄ የተመለስኩ ያህል እንዲሰማኝ ነው የምፈልገው።

አንድ ሌላ ጥያቄም አለኝ። ያ «ዘፈን የሌለው» የተባለው ካሴት ትንሽ እንደሰማሁት ቴፑ ክሩን በላውና ተበጠሰ። እንዴት እንደሚቀጠል የሚያውቅ አለ?

የሮቢቱ ረዳት፦

ወንድሜ ሰላም ነህ? ከሸዋ ሮቢት ነኝ። በወጣትነቴ 11 ዓመት ረዳት ነበርኩ፣ አውቶቡስ ላይ፣ በአዲስ አበባና ደሴ መስመር። ስለ ካሴት ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

አንተ አልበም ሙሉውን መስማት ትላለህ። እኛ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ወደፊት ማጠንጠን ክር ያስበላል፣ ካሴት ደግሞ በደመወዝ የሚገዛ ነው፣ ስለዚህ ሹፌራችን ማንም ሰው ቴፑን እንዲነካበት አይፈቅድም ነበር። የ60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ሳይድ 30 ደቂቃ ነው። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ስንወጣ ኤ ሳይድ ይገባል። ሲያልቅ እኔ ነኝ የምገለብጠው። ጣርማበር ስንቃረብ ጉሙ ይመጣል፣ መብራት ይበራል፣ ተሳፋሪው ዝም ይላል። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሬዲዮ ቢሆን ይጠፋ ነበር፣ ካሴት ግን አይጠፋም። መስኮት የተከፈተ እንደሆነ ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ይመጣል። ያን የሰማ ሰው ያውቀዋል። ዋሻውን ወጥተን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንጥመዘመዝ ሙቀቱ ይጀምራል፣ ሰው ጋቢውን ያወልቃል፣ ወሬው ይደራል።

ሹፌሩ ካሴት ሲመርጥ መንገዱን አስቦ ነው። ደጋው ላይ ትዝታ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሞቅ ያለ። ጥላሁን ገሠሠን ዳገት ላይ ያደርገው ነበር፣ «ሞተሩም ይሰማዋል» ይላል። ከሁሉ ግን ብዙ የሰማነው ኤፍሬም ታምሩ ከሮሃ ባንድ ጋር የሠራቸውን ነው። ያኔ የሁሉም ሰው ካሴት ጀርባ ላይ ሮሃ ባንድ የሚል የምታገኝ ነበር የሚመስለው። እነዚያን አሁንም አላሳልፍም።

አንድ ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ ያልወደድኩት ዘፈን ነበር፣ ቢ ሳይድ ላይ ሦስተኛው። ማለፍ ስለማይቻል ሰማሁት፣ ደጋግሜ ሰማሁት። አሁን ከካሴቱ ሁሉ እሱን ነው የምወደው። የዛሬ ልጅ በአሥረኛው ሰከንድ ያሳልፈው ነበር፣ ሳያገኘውም ይቀር ነበር።

ክሩን በኩቴክስ ቀጥለው። እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ፍላሽ ሙሉ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን አልስማማም። ለጠያቂውም ነው የምናገረው።

የድሮው ሁሉ ጥሩ የሚመስለን መጥፎው ስለጠፋ ነው። ያኔም ቀሽም ካሴት ነበር፣ ማንም አስቀምጦ ለልጁ አላወረሰውም፣ በላዩ ላይ ሌላ ተቀዳበት። የአሁኑን ግን ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ቀን ነው የምንሰማው። የ30 ዓመት ወንፊት ያለፈውን ትናንት ከወጣው ጋር ማወዳደር ፍትሕ አይደለም። እስቲ በሐቅ ንገረኝ፣ ከ43ቱ ስንቱን ሙሉ ሰማህ?

የእኔ አልበም የሮፍናን «ነፀብራቅ» ነው። በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ ሃይስኩል ነበርኩ፣ ደብረ ሲና። ግጥሙንም ዜማውንም ቅንብሩንም ራሱ ነው የሠራው። እዚያ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክ ድምፅ የፈረንጅ ዳንስ ቤት ድምፅ ብቻ ነው የሚል ሰው በደንብ አልሰማውም። ባህላዊ መሣሪያው ለጌጥ የገባ አይደለም፣ ከውስጥ ነው የሚመታው። እኛ ልጆቹ እስከዚያ ድረስ የአገር ባህል ዘፈንና የምንጨፍርበት ዘፈን ሁለት የተለያየ ነገር ነበር የሚመስለን። እሱ አንድ አደረገልን። በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ በጥሩ ሄድፎን ስሙትና ከዚያ እንነጋገር።

ማሳለፍ በመቻላችን ደግሞ አልከፋንም። እኔ የምወደውን ለማግኘት መቶ ነገር እሞክራለሁ። ጋሼ ያንን ሦስተኛ ዘፈን ያገኙት በአጋጣሚ ነው፣ እኔ ፈልጌ አገኛለሁ።

አመዳይ፦

እኔ ስለ አስቴር ልናገር፣ «ያብረቀርቃል» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም።

ያደግኩት አንኮበር ነው። እናቴ ሱፍ ስትፈትል የምትሰማው የአስቴር ካሴት ነበራት። እኔ ሥራዬ ሲያልቅ መገልበጥ ነው። እንዝርቷ ይዞራል፣ ዘፈኑ ይሄዳል፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። አንድ ቦታ ግን አለ፣ ባንዱ ዝም ብሎ አስቴር ብቻዋን ድምፅዋን እያንቀጠቀጠች ወደ ላይ የምትወጣበት። እዚያ ላይ እናቴ እንዝርቱን በመዳፏ ትይዘዋለች። አይዞርም። አስቴር እስክትመለስ ትጠብቃታለች፣ ከዚያ መልሳ ታሽከረክረዋለች። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር።

አሁን «ካቡ»ን ስሰማ የገባኝ፣ ያ የምታማርረው የትንፋሽ መሣሪያ ባይጮህ ኖሮ ያ ዝምታ አይሰማም ነበር። እሷ ብቻዋን የምትቀርበት ቦታ የሚከብደው ከፊቱ ሞልቶ ስለነበር ነው። እስቲ በዚህ ጆሮ መልሰህ ስማው። ከሱ በፊት ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በስሟ የወጣውንም ጨምርበት። ከሁለቱ እኔ የፊተኛውን አስበልጣለሁ፣ ድምፅዋ ላይ ጥድፊያ የለም።

የኔ አልበም ግን የጂጂ ነው። እጅጋየሁ ሽባባው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የወጣው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፣ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስም ተጫውተውበታል። የጃዝ ሰው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ያብዳል። እኔን የገረመኝ ግን ስማቸው አይደለም። እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ገብተው አንዳቸውም ልጅቷን አልሸፈኗትም። ቻግኒ ያደገች ልጅ መሃል ላይ ቆማለች፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚሸት ድምፅ ይዛ፣ እነሱ ዳር ዳሩን ነው የሚሄዱት። ስለ አድዋ የዘፈነችው ሲመጣ ቤቴ ውስጥ ማንም አያወራም። ከዚያ በኋላ ያለውን «ጎልድ ኤንድ ዋክስ»ን፣ እ.ኤ.አ. የ2006ቱን፣ ግን ማሽኑ በዝቶብኛል። አሳልፋለሁ፣ አልዋሽም።

የጠባሴ ልጅ፦

@ፍላሽ ሙሉ፣ ትክክል ነህ። ቆጠርኩት። ከ43ቱ ሙሉውን ሳላሳልፍ የሰማሁት 9 ነው። የቀሩትን ወይ ግማሽ ላይ ቀየርኩ ወይ ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ ስለ ድሮ ያልኩትን በዚህ ልክ አስተካክሉልኝ። «ነፀብራቅ»ንም በሄድፎን እሰማዋለሁ፣ ቃሌ ነው። ሠርግ ላይና ታክሲ ውስጥ ብቻ ነው የሰማሁት።

@አመዳይ፣ እናትሽ እንዝርቱን የሚይዙበትን ቦታ አገኘሁት መሰለኝ። ማታ ሰማሁት። ስለ ትንፋሽ መሣሪያው ያልኩትን አንስቻለሁ።

የመንዝ ኪቦርድ፦

ከመሐል ሜዳ ነኝ። ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ሠርግ ላይ፣ ወደ 15 ዓመት ሆኖኛል። ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ግን ሁላችሁም ዘፋኝ ዘፋኝ ስትሉ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ዓለም አሁን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ የሌለውን፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራውን ነው። ከእነዚያ ሰዎች ደግሞ ሁለቱ የእኛው የሰሜን ሸዋ ልጆች ናቸው። እዚህ አገር ሠርግ ላይ ስማቸውን ስጠራ የሚያውቅ ሰው የማገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። ያንገበግበኛል።

አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ይፋት ነው የተወለደው፣ በ1927 ዓ.ም.። መጀመሪያ ክራርና ማሲንቆ፣ ከዚያ ሳክስፎንና ክላርኔት። አዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ በኋላ ቴአትር ቤትና የፖሊስ ኦርኬስትራ። ይህ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ሽለላውን ወስዶ ሳክስፎን ላይ አወጣው። ፉከራ የሚያሰማ ሰው አይታችኋል፣ በእኛ አገር ሠርግ አሁንም አለ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ቃላቱን ያጣድፋቸዋል፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል «ዘራፍ!» ብሎ ይፈነዳል፣ ድምፁ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጌታቸው ያን ሁሉ ያለ ቃል ነው የሚነፋው። የጀግና አንበሳ ጎፈር ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ፈረንጆቹ በኋላ ሲሰሙት ከአሜሪካ የጃዝ አብዮተኞች ጋር አወዳደሩት፣ እሱ ግን ያመጣው ከይፋት ነው። አልበሙ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 14ኛው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው። ያንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው የምሰማው፣ ቁጭ ብዬ፣ ሌላ ሥራ ሳልይዝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ልጆች ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሠራ። ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት! ጊታሮቹ እንደ ጦር ሜዳ ይጮሃሉ፣ እሱ መሃላቸው ገብቶ ይፎክራል። መጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው ያረፈው።

ሁለተኛው ኃይሉ መርጊያ ነው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ። ልጅ ሆኖ ነው አዲስ አበባ የገባው። ዋልያስ ባንድ የሚባለውን ሰምታችኋል፣ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ባንዱም ሰዉም እዚያው ያነጉታል። አንድ ባንድ ለሊቱን ሙሉ ሲጫወት ምን ያህል እንደሚግባባ ኪቦርድ የነካ ሰው ይገባዋል። «ቼ በለው» የሚባለው አልበማቸው የተሠራው በዚያ ጊዜ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1977። ሙላቱ አስታጥቄም አለበት። በ1981 ዋልያስ ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱና ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ፣ ኃይሉም ግርማ በየነም። በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን፣ ሁሉንም ራሱ። ከዚያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ደንበኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አንድ ሱቅ ውስጥ አግኝቶ በ2013 መልሶ አሳተመው፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ።

አሁን ስለ «ማሽን በዝቷል» ያላችሁት። ኪቦርድና ድራም ማሽን ሲመጣ አንድ ሰው የስድስት ሰው ሥራ ይሠራ ጀመር። ለአሳታሚው ርካሽ ነው። ትንፋሹም ቤዙም ከበሮውም ከአንድ ሳጥን ይወጣል። ብዙ ካሴት የተበላሸው በዚህ ነው፣ እኔም ሠርግ ላይ የምሠራው ይህንኑ ነው፣ ባለሠርጉ ለአምስት ሰው አይከፍልም። ነገር ግን ያ የ1985ቱ ካሴት በዚያው ማሽን ነው የተሠራው። ታዲያ ለምን አያረጅም? እኔ የመሰለኝ አኮርዲዮኑ ነው። አኮርዲዮን ሳንባ አለው፣ አየር ይስባል፣ ያስወጣል። ድራም ማሽኑ ሳይዛነፍ ሲመታ አኮርዲዮኑ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ትንሽ ይቀድማል፣ እንደሚያንጎራጉር ሰው። ስለዚህ @የጠባሴ ልጅ፣ የድሮና የአሁን እያልክ አትክፈለው። የሚተነፍስ ነገር አለበት ወይስ የለበትም በል።

አልበም የሚባለውም ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። በሸክላ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ትንሿን ሸክላ ነው፣ ፊቷ ላይ አንድ ዘፈን፣ ጀርባዋ ላይ አንድ ዘፈን። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ሰብሮ ማሳተም ሲጀምር ያወጣው የአለማየሁ እሸቴ ሥራ እንደዚያው ነው። የዛሬ ነጠላ ዜማ ማለት ነው። አሥር ዘፈን አንድ ላይ መስማት የተለመደው ካሴት ሲመጣ ነው። ልጆቹ ወደ ነጠላ ዜማ ቢመለሱ አያቶቻቸው ጋ ነው የተመለሱት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ አባትህ «ዘፈን የሌለው» ብሎ የጻፈበት ካሴት፣ ከመበጠሱ በፊት ምን ሰማህ? አኮርዲዮን አለበት?

የጠባሴ ልጅ፦

አለበት!

ያን ጊዜ አኮርዲዮን መሆኑን አላወቅኩም፣ ሃርሞኒካ ነገር መስሎኝ ነበር። ከሥሩ ቲክ ቲክ የሚል ከበሮ አለ። ጽሑፍህን እንዳነበብኩ ዩቲዩብ ገብቼ የኃይሉ መርጊያን የ1985 ሥራ ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። እሱ ነው። ያንኑ ዜማ ነው ማክሰኞ ማታ የሰማሁት።

አባቴ ማዶ ተቀምጧል፣ ስልኩን አስጠጋሁለት። አባቴ አሁን ጆሮው ትንሽ ከብዷል። አዳመጠ፣ አዳመጠና «ይሄ የኃይሉ ነው» አለኝ። «ታውቀዋለህ እንዴ?» ስለው፣ «የከተማችን ልጅ ነው፣ እንዴት አላውቀውም፣ አንተ ነህ እንጂ ጠይቀኸኝ የማታውቅ» አለ። 34 ዓመቴ ነው። በዚህ ከተማ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ይህን ስም ከዚህ ቤት ማንም ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም፣ ካሴቱ ግን ከአልጋው ሥር ነበር።

አሁን ያንን ክር መቀጠል አለብኝ። በኩቴክስ ልሞክረው?

የመንዝ ኪቦርድ፦

በኩቴክስ አትቀጥለው፣ እባክህ። ጋሼ ያሉት ያኔ ሌላ ስላልነበረ ነው። ኩቴክስ ሲደርቅ ይደድራል፣ በጭንቅላቱ ሲያልፍ ይፍቀዋል፣ ክሩም እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይሰነጠቃል።

ካሴቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ አምስቱን ትንንሽ ብሎኖች ፍታ። ወረቀት ላይ በተራ አስቀምጣቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ከበተንካቸው ይጠፋሉ። መክደኛውን ቀስ ብለህ አንሳ፣ ጥቅልሎቹ እንዳይዘልሉብህ በጣትህ ያዝ። ክሩ በየት በየት እንደሚዞር በስልክ ፎቶ አንሳ። የተቀጣጠፈውን ጫፍ ሁለቱንም በአዲስ ምላጭ ሰያፍ አድርገህ ቁረጥ፣ ቀጥ አድርገህ አትቁረጠው። ከዚያ ጫፍና ጫፉን አገናኝ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይወጣ። ስኮቹን ከጀርባው ነው የምትለጥፈው፣ ማለትም ወደ ጥቅልሉ መሃል በሚዞረው ፊት። ወደ ውጭ የሚዞረው ድምፁ ያለበት ነው፣ እሱን አትንካው፣ በጣትህም አትንካው። የተረፈውን ስኮች ግራና ቀኙን በምላጩ ከርክመው። በጣም ቀጭኑን ስኮች ተጠቀም። በቀን ብርሃን ሥራው፣ ማታ በአምፖል አይሆንም።

ከማጫወትህ በፊት የቴፑን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ ጥረገው። ክሩን የበላው ምናልባት ቆሻሻው ነው።

የሮቢቱ ረዳት፦

ልጄ እውነቱን ነው፣ የሙያተኛውን ስማ። የኛ ኩቴክስ ካሴት ብዙ ፈጅቷል። ደግሞ እዚያ የጎረቤት ቴፕ ላይ ከማስገባትህ በፊት ሌላ የማትወደው ካሴት አጫውትበት፣ እሱንም የሚበላ ከሆነ ጥፋቱ የቴፑ ነው።

ይህን ኃይሉ የምትሉትን የልጅ ልጄ በስልክ ከፈተችልኝ። በስም አላውቀውም ነበር፣ በጆሮ ግን አውቀዋለሁ። እኛ አውቶቡስ ላይ ተሳፋሪ እስኪሞላ መናኸሪያ ቆመን ስንጠብቅ የሚገባው እንዲህ ያለው ነበር።

ፍላሽ ሙሉ፦

የጌታቸውን ሳክስፎን አሁን ሰማሁት። ሁለት ጊዜ። ምንም ሳላሳልፍ። @የመንዝ ኪቦርድ፣ ሌላ ካለህ ጣልልኝ፣ ጓደኞቼ ጋ ቴሌግራም ላይ ላክሁት፣ አንዱ የይፋት ልጅ ነው፣ አላመነም።

አመዳይ፦

ከተቀጠለ በኋላ ወዲያው ወደ ስልክ ቅዳው። እኔ የእናቴን ካሴት ነገ ዛሬ ስል ሻገተብኝ።

የጠባሴ ልጅ፦

ዛሬ ጠዋት ተቀጠለ። ግቢው አመዳይ ለብሶ ነበር፣ ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅኩና በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ብሎኖቹ አራቱ ተፈቱ፣ አምስተኛው ዝጎ ስለነበር በምላጭ ጫፍ አንድ ሰዓት ታገለኝ። ሰያፍ ቆረጥኩት። የጠፋው የክር ርዝመት የጣት ያህል ነው።

በማልወደው ካሴት ሞከርኩት፣ አልበላም። ከዚያ አስገባሁት። የተቀጠለበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ለቅጽበት ወደ ውስጥ ገባ አለና ተመለሰ፣ አኮርዲዮኑ ትንፋሽ የወሰደ ነው የሚመስለው። የማያውቅ ሰው አይለየውም። @አመዳይ፣ እየተጫወተ ሳለ ስልኬን ስፒከሩ አጠገብ አድርጌ ቀድቼዋለሁ፣ በሽቦ ደግሞ መልሼ እቀዳዋለሁ።

አባቴ ወንበሩን ወደ ቴፑ አስጠግቶ ተቀመጠ። ኤ ሳይድ እስኪያልቅ አንድም ቃል አልተናገረም። ሲያልቅ ቀጭ ብሎ ቆመ። እኔ ቡና ላቀርብ ልነሳ ስል በከዘራው ቴፑን አሳየኝና «ገልብጠው» አለኝ።